የቤት ኢንተርኔት ግንኙነት ችግሮች

የቤት ኢንተርኔት ግንኙነት ችግሮች የሚባሉት በመኖሪያ ቤት ያለ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ፣ ግንኙነቱ እንዲቆራረጥ ወይም እንዲዘገይ የሚያደርጉ ብልሽቶች ናቸው። መነሻቸው ኮምፒውተሩ፣ ራውተሩ፣ መስመሩ ወይም አገልግሎት ሰጪው ሊሆን ይችላል። ለተጠቃሚው ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ገጹ አይከፈትም። በዚህ የተነሳ ያልተበላሸው ክፍል ሲጠገን ይታያል፦ መስመሩ ተቋርጦ ሳለ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ ሳለ አዲስ ራውተር ይገዛል። ፎርማት በተደረገ ኮምፒውተር ላይ የነበረ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ቅጂ ከሌለው መልሶ ማግኘቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከጥገና በፊት የሚቀድመው ሥራ ችግሩ በየትኛው ክፍል እንዳለ መለየት ነው።

የግንኙነቱ መንገድ

አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት መረጃው በአራት ክፍሎች ያልፋል፦

1. መሣሪያው፦ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ፣ በውስጡም ያሉት ፕሮግራሞች።
2. የቤት ውስጥ ኔትወርክ፦ ከመሣሪያው እስከ ራውተሩ ያለው ዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ገመድ።
3. መስመሩ፦ ከራውተሩ እስከ አገልግሎት ሰጪው ያለው ክፍል። ይህ የመዳብ የስልክ ሽቦ (ኤዲኤስኤል)፣ ኦፕቲካል ፋይበር ወይም የሞባይል የሬዲዮ ሞገድ (3ጂ፣ 4ጂ፣ 5ጂ) ሊሆን ይችላል።
4. ከመስመሩ ማዶ ያለው፦ የአገልግሎት ሰጪው ኔትወርክና ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር።

መደበኛ መስመር በሌለበት ቤት የስልክ ዳታ በሆትስፖት ለኮምፒውተር ይጋራል። በዚህ ጊዜ ስልኩ የራውተሩን ሥራ ስለሚሠራ ከዚህ በታች ስለ ራውተር የተገለጸው አብዛኛው ለስልኩም ይሠራል።

ፍተሻው ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ማለትም ከ1ኛው ክፍል ወደ 4ኛው ቢሄድ ይቀላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥም ያስፈልጋል። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ተለውጦ ግንኙነቱ ቢመለስ የትኛው እንዳስተካከለው ስለማይታወቅ ችግሩ ሲደገም ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

በሌላ መሣሪያ መሞከር

በዚያው ዋይፋይ ላይ ሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይሞከራል። ሌላው መሣሪያ የሚሠራ ከሆነ መስመሩና ራውተሩ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው በመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ሁለቱም የማይሠሩ ከሆነ ኮምፒውተሩን መነካካት አያስፈልግም። በስልክ ሲሞከር የሞባይል ዳታው መዘጋት አለበት። አለበለዚያ ስልኩ በራሱ ዳታ ገጹን ይከፍትና ዋይፋዩ የሚሠራ ያስመስላል።

የራውተሩን መብራቶች ማየት

በራውተሩ ፊት ያሉት ትናንሽ መብራቶች የየክፍሉን ሁኔታ ያሳያሉ። የኃይል መብራቱ ከጠፋ ሶኬቱና አዳፕተሩ ይታያሉ። በስልክ ሽቦ በሚሠራ ራውተር ላይ የዲኤስኤል መብራት ሳያቋርጥ ከበራ ራውተሩ በመስመሩ ማዶ ካለው መሣሪያ ጋር ተገናኝቷል፤ የሚያርገበግብ ከሆነ ገና እየፈለገ ነው። በፋይበር መሣሪያ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ሲበራ የብርሃን ምልክቱ ወደ ቤቱ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ይህ የመስመር ችግር በመሆኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ሊፈታው አይችልም።

የአይፒ አድራሻውን ማንበብ

ራውተሩ ከእሱ ጋር ለተገናኘ መሣሪያ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ያድላል። በቤት ኔትወርክ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ወይም በ10 ይጀምራል። ኮምፒውተሩ የያዘው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ ስላላገኘ ለራሱ ጊዜያዊ ቁጥር ሰጥቷል። ችግሩ በ1ኛውና በ2ኛው ክፍል መካከል ስለሆነ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና ማስገባት ወይም ራውተሩን ማስነሳት ይረዳል። አድራሻው በዊንዶውስ ከኔትወርክ ማስተካከያው ገጽ ይነበባል።

በፒንግ መሞከር

ፒንግ ትንሽ መልእክት ወደ ሌላ መሣሪያ ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰ የሚለካ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክ ሙስ በተባለ አሜሪካዊ የተጻፈ ሲሆን ስሙ የተወሰደው ከሶናር ድምፅ ነው። በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። በሚከተለው ቅደም ተከተል ሲሞከር ችግሩ ያለበትን ክፍል ያመለክታል፦

- በመጀመሪያ ወደ ራውተሩ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1)፦ መልስ ከሌለ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው።
- ቀጥሎ በኢንተርኔት ላይ ወዳለ የታወቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፦ ራውተሩ መልሶ ይህ ካልመለሰ ችግሩ መስመሩ ላይ ወይም ከዚያ ማዶ ነው።
- በመጨረሻ ወደ ድረ ገጽ ስም፦ ቁጥሩ መልሶ ስሙ ሊገኝ እንዳልቻለ ከተገለጸ ችግሩ የዲኤንኤስ ነው።

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚለውጥ ሥርዓት ሲሆን ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ነው። አገልግሎቱ ሲደናቀፍ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ የጠፋ ይመስላል። በዚህ ጊዜ በኔትወርክ ማስተካከያው ላይ ሌላ የዲኤንኤስ አድራሻ (8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1) ማስገባት ይቻላል። አንዳንድ ሰርቨሮች ለፒንግ እንዳይመልሱ ስለሚደረጉ የአንድ ድረ ገጽ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የተለመዱ ምክንያቶች

ደካማ ዋይፋይ

የቤት ዋይፋይ በዋናነት በሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃ ስለሚጋሩት ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ሲሆን በግድግዳ ግን ቶሎ ይዳከማል። ኮንክሪት፣ ቆርቆሮና ትልቅ መስታወት ሞገዱን ይከለክላሉ ወይም ያንጸባርቃሉ። በመሆኑም ራውተሩ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከወለል ላይ ይልቅ በቤቱ መካከል ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡትን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 መምረጥ መጨናነቁን ይቀንሳል። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መሞከር ዋይፋዩን ከመስመሩ ለመለየት ያስችላል፤ በገመድ ፈጣን፣ በዋይፋይ ዘገምተኛ ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው።

የስልክ ሽቦና ፋይበር

ኤዲኤስኤል ድምፅና ዳታን በአንድ የመዳብ ሽቦ በተለያየ ሞገድ ያስተላልፋል። ሁለቱን የሚለየው ስፕሊተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። ስልኩ ያለ ስፕሊተር ከተሰካ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል። የሽቦው ርዝመት ሲጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል። በክረምት ውሃ ወደ ሽቦው መጋጠሚያ ሲገባም መስመሩ ይረበሻል። ለማረጋገጥ የስልኩን እጀታ አንስቶ ማዳመጥ ይበቃል፤ የመንጫጫት ድምፅ ካለ መስመሩ መታየት አለበት። መብረቅ በስልክ ሽቦ በኩል ገብቶ ራውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ነጎድጓድ ሲበረታ የስልክ ሽቦውንም የኃይል ገመዱንም መንቀል ይመከራል። ፋይበር እንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ረብሻ አያገኘውም፤ ነገር ግን ከመስታወት የተሠራ ስለሆነ ሲታጠፍ ወይም በር ሲዘጋበት ሊሰበር ይችላል።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥ

መብራት ሄዶ ሲመለስ የኃይሉ መጠን ለጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን ራውተሩ በአዳፕተር በኩል የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ 9 ወይም 12 ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ጉዳትን ይቀንሳል። አዳፕተር ሲተካ ቮልቱና የጫፉ ዋልታ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) ከበፊቱ ጋር አንድ መሆን፣ አምፔሩም ከበፊቱ አለማነስ አለበት። የጠረጴዛ ኮምፒውተር በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ዩፒኤስ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል።

የቀንና የሰዓት ስህተት

አድራሻቸው ላይ የቁልፍ ምልክት ያለባቸው ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በተጻፈበት የዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። የኮምፒውተሩ ቀን የተሳሳተ ከሆነ አሳሹ ሰርተፊኬቱን ስለማይቀበል «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በብዙ ገጾች ላይ ይታያል። ችግሩ በኢትዮጵያ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ኮምፒውተሩ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረት ሲሞላ ነው። ለምሳሌ በኅዳር 2018 ዓ.ም. 2018 ተብሎ ቢሞላ ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው 2025ን ስለሆነ ሰርተፊኬቶቹ ገና ያልተሰጡ ይመስሉታል። ሁለተኛው ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞላ የሚመጣው የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ይህ በተለይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጡ የማረጋገጫ ቁጥሮችን ዋጋ ያሳጣል። ትክክለኛው የሰዓት ቀጣና ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው ነው፤ በዊንዶውስ «ናይሮቢ» በሚል ስም ይገኛል። ኮምፒውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ (ብዙ ጊዜ ሲአር 2032) አልቋል። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ መተካቱ ብዙ አያስወጣም።

የፍጥነት ስሌት

አንዳንዴ ችግር የሚመስለው የመለኪያ ልዩነት ነው። አገልግሎት ሰጪዎች ፍጥነትን በሜጋ ቢት ሲገልጹ የፋይል መጠን የሚገለጸው በሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሆነ መስመር ቢበዛ በሰከንድ 0.5 ሜጋ ባይት ያወርዳል፤ 100 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል ቢያንስ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። መስመሩን የቤተሰቡ አባላት ሲጋሩት ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። በኤዲኤስኤል የመላኪያ ፍጥነት ከማውረጃው በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን የሌላው ሊዘገይ ይችላል። የትምህርት ምዝገባና የፈተና ማስገቢያ ሰዓት ላይ ከዚህ ዓይነቱ ጭነት መስመሩን ነጻ ማድረግ ይጠቅማል።

ሳይታዩ ዳታ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች

የሥርዓተ ክወናው ማዘመኛ፣ ፎቶና ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚገለብጡ አገልግሎቶችና በራሳቸው የሚጫወቱ ቪዲዮዎች ተጠቃሚው ሳያውቅ ዳታ ይጠቀማሉ። ኮምፒውተር ሆትስፖትን የሚያየው እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሆነ የሞባይል ጥቅል በአንድ ማዘመን ሊያልቅ ይችላል። በዊንዶውስ ውስጥ ግንኙነቱን ዳታው የተወሰነ አድርጎ ማስመዝገብ አብዛኛውን ማዘመን ያዘገያል። ማዘመን የደህንነት ክፍተቶችን ስለሚደፍን ግን ለሁልጊዜ መዘጋት የለበትም።

ማስነሳትና ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ

ራውተርን አጥፍቶ ማስነሳት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን ያጸዳል፤ ከአገልግሎት ሰጪው ጋርም እንደ አዲስ ያገናኘዋል። ነቅሎ 30 ሰከንድ ያህል መቆየት፣ ከሰኩ በኋላም መብራቶቹ እስኪረጉ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል።

በራውተሩ ጀርባ ባለች ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ የሚጫነው ቁልፍ ግን ሥራው ሌላ ነው። የራውተሩን ማስተካከያ በሙሉ ያጠፋል፤ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን በብዙ የኤዲኤስኤል መስመሮች ላይ ቤቱን ለአገልግሎት ሰጪው የሚያሳውቀውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም ጭምር። እነዚህ ካልተመዘገቡ መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱ አይመለስም። ስለሆነም ይህን ቁልፍ ከመጫን በፊት መረጃዎቹን በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል።

ለባለሙያ ከመስጠት በፊት

ፍተሻው ችግሩ መስመሩ ላይ መሆኑን ካመለከተ ለአገልግሎት ሰጪው ይደወላል፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው። ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ የትኞቹ መብራቶች እንደበሩ፣ በሌላ መሣሪያና በገመድ መሞከሩን መናገር ሥራውን ያፋጥናል።

ችግሩ የኮምፒውተሩ ከሆነና ለጥገና የሚሰጥ ከሆነ አስፈላጊ ፋይሎች አስቀድመው ወደ ውጫዊ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ይገለበጣሉ። ፍላሽ ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስለሚያሻግር ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሽ አለበት። ሃርድ ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውን መረጃ ሊያጠፋ ይችላል፤ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ጠጋኙ ፎርማት ማድረግን ካቀረበ ምክንያቱን መጠየቅና ቅጂ መኖሩን ማረጋገጥ የባለቤቱ ድርሻ ነው።