የተራራው ወገብ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ቤትንስ ከየት? የዚህች ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው መጀመሪያ የእናቴ ነበር፤ እኔ ግን እንጀራዬ ታሪክ ማስተማር በመሆኑ፣ መልሱን ፍለጋ በጣና ዙሪያ ቤት ከሠሩ ነገሥታት ደጃፍ ደረስሁ። ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢ። የነገሥታቱን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቤታችንን ነገር ግን ዓ.ም. እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እናቴ የተወለደችውም የተዳረችውም ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ጣናን ተንተርሶ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሁሉ ባሕር አደረጉት። አባቴ የሠራው ቤት የጭቃ ግድግዳ ስለነበረው ከሥሩ እየራሰ ተናደ። እናቴን ጎረቤት በታንኳ አወጣት። ውኃው ሲጎድል ደግሞ ወባው መጣ፤ መስከረምን በሙሉ ባሕር ዳር እኔ ቤት ተኝታ ከረመች። በዚያ ሰሞን ነው ስዊድን አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደውሎ «የእማዬን ቤት እኔ አሠራለሁ፤ አንተ ቦታውን ምረጥ» ያለኝ። ከቃሉም አስከትሎ ፎቶግራፍ ላከ። በተራራ አናት ላይ የቆመ፣ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ግንድ በግንድ ላይ ተደርድሮ የተሠራ፣ ከሥሩ ሐይቅ የሚታየው የሚያምር ቤት ነበር።

ከአያቴ የወረደው ይዞታችን በሦስት ቦታ የተቆራረጠ ነው። አንደኛው ውኃ የበላው የታችኛው ሜዳ፣ ሁለተኛው ከሜዳው ዳር የሚነሣው ኮረብታ አናት፣ ሦስተኛው የኮረብታው ወገብ። ወንድሜ አናቱን ወደደ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር። ከዚያ ሆኖ ማለዳ ጣናን ያየ ሰው ሌላ ቦታ አይመርጥም። እናቴ ግን ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ከተመለከተች በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ውኃውን ማን ያወጣዋል?»

እኔም መልስ አጣሁ። ሰው መልስ ሲያጣ ወደሚያውቀው ይሸሻልና፣ ወደ ታሪክ ሸሸሁ።

አባቶቻችን ለከፍታ ያላቸው ፍቅር በቋንቋችን ውስጥ ተቀብሯል። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በጉብታ ላይ ይተከል ስለነበረ ተራራው ለቤተ ክርስቲያኑ ስሙን አወረሰው። «ከተማ» የምንለውም ቃል ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ስም ነበር። ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ቋሚ መዲና አልነበራቸውም። ሠራዊት በሰፈረበት ማገዶው ያልቃል፣ ሣሩ ይጋጣል፣ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፤ ስለዚህ ድንኳኑ ይነቀልና ሌላ ቦታ ይተከላል። ቦታ መምረጥ ማለት እንግዲህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ መገመት ነበር።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከጣና በስተምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ጉዛራ በተባለ ኮረብታ ላይ የድንጋይ ግንብ ሠሩ የሚለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። ፍርስራሹ ዛሬም ከኮረብታው አናት ላይ ሆኖ ሐይቁን ያያል። ቤታችን ከፈረሰ በኋላ በኅዳር ወር ወደዚያ ወጥቼ ነበር። ነፋሱ ደስ ይላል፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ይታያል፤ ጣና እንደ ብር ሰሐን ተዘርግቶ ይታያል። ነገር ግን ስወጣ ላቤ ተንጠፍጥፎ ነበርና የእናቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እዚህ አናት ላይ የተጠጣው እያንዳንዱ ዋንጫ ውኃ በአንድ ሰው ጀርባ ወይም በአንድ በቅሎ ጫንቃ ላይ ሆኖ ነው የወጣው። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የንጉሡን ዘመቻ ይጽፋሉ እንጂ ውኃ ቀጂዋን አይጽፉም። ጉዛራም የከተማ ሥር ሳትሰድድ ቀረች፤ ንጉሡም ዘመናቸውን አብዛኛውን በዘመቻ አሳለፉት።

ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) በተቃራኒው ወደ ውኃው ወረዱ። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ በሥራውም ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እጁ ነበረበት። ጎርጎራ ውኃ አላጣችም፣ ዓሣ አላጣችም፣ ታንኳ አላጣችም። ያላጣችው ሌላም ነገር ነበር፤ ንዳድ። ፓኤዝ ራሱ በ1622 በትኩሳት ታሞ እዚያው ሞተ። በዚያን ዘመን ሰው በሽታውን የሚያመጣው ረግረጉ የሚተፋው መጥፎ አየር ይመስለው ነበር፤ ጣሊያኖች «ማላሪያ» ያሉትም «መጥፎ አየር» ለማለት ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ ሕንድ አገር ሆኖ ያረጋገጠው በ1897 ነው። ምክንያቱን ባያውቁትም መሸሻውን ግን ያውቁት ነበርና፣ ሱስንዮስ ከሐይቁ ርቀው በደጋው ደንቀዝ ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ሠሩ።

ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1636 አካባቢ ጎንደርን ሲቆረቁሩ እነዚህን ሁለት ትምህርቶች ከፊታቸው አግኝተዋል። አፈ ታሪኩ ጎሽ መራቸው፣ መናኝ ባረካቸው፣ የመዲናዋም ስም በ«ገ» ዘር እንዲጀምር ትንቢት ነበረ ይላል፤ ጉዛራ፣ ጎርጎራ፣ ጎንደር። አፈ ታሪኩን አልንቅም። መሬቱን ለሚያይ ሰው ግን ጎሹ ጥሩ ቦታ ነው የመራቸው። ጎንደር ከሐይቁ ወለል ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ነገር ግን አናት ላይ አይደለችም። በሦስት ወገን ከእርስዋ የሚበልጡ ተራሮች ከበዋታል፤ ግንቦቹ የቆሙት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ትከሻ ላይ ነው። በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ዛሬም ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውኃ ነው። ከወባው በላይ፣ ከምንጩ ሳይርቁ፤ የጎንደር ምስጢር ይህ ይመስለኛል። ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መናገሻ የሆነችው በቦታዋ ብቻ ነው አልልም፤ የፖለቲካውም ነገር አለበት። ይሁንና ቦታዋ አልከዳትም።

ይህ ትምህርት ተረስቶ እንደገና መማር ያስፈለገው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሸዋ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ለጠባቂ ይመቻል፣ ለነዋሪ ግን ብርድ ነው፣ ማገዶውም ራቀ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ የፍልውኃውን አካባቢ ወደዱና በ1886 ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። አዲስ አበባም ብትሆን እንጨት ጨርሳ ልትነቀል ነበር፤ ምኒልክ በ1900 አካባቢ ፊታቸውን ወደ አዲስ ዓለም ማዞራቸው ለዚህ ነው። ያተረፋት በ1890ዎቹ ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ነገሥታቱን ከቦታ ቦታ ሲያንከራትት የኖረውን የማገዶ ችግር አንድ ዛፍ አቆመው።

እኛው ባሕር ዳርም የአናት ቤት አለን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1960ዎቹ፣ ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ በሚያልፍበት በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። መዲናው ወደ ባሕር ዳር ይዛወራል የተባለበትም ዘመን ነበር። ከዚያ ሆኖ ወንዙንም ከተማውንም ሐይቁንም ማየት ይቻላል። ንጉሡ ግን ለጉብኝት ሲመጡ ያርፉበት እንጂ አልኖሩበትም፤ በ1974 ዙፋኑም አለፈ። ለዕይታ የተሠራ ቤት ለእንግዳ ይሆናል እንጂ ለነዋሪ አይሆንም ብዬ በልቤ ያዝሁ።

የቀረው የግንዱ ነገር ነበር። ወንድሜ የላከው ዓይነት ቤት ጥድ በሞላበት አገር የተወለደ ጥበብ ነው። ስዊድኖችና ፊንላንዶች በ1638 ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሻገሩ ይህንኑ ጥበብ ይዘው ሄዱ፤ ይህም ጎንደር በተቆረቆረች በሁለት ዓመቷ መሆኑ ነው። እዚያ ሰው ቤት ሊሠራ ሲል መጀመሪያ ደኑን መመንጠር ነበረበትና ግንዱ ትርፍ ነው። የእኛ ጥበብ ግን የተወለደው እንጨት በተወደደበት አገር ነው። ቋሚውን ትተክላለህ፣ በማገር ታያይዘዋለህ፣ የቀረውን ጭቃና ጭድ ይሞላልሃል። አናጢው አጎቴ ፎቶግራፉን ሲያይ ሳቀና «በዚህ ግንድ እኮ ለአገሩ ሁሉ ቤት ይቆማል» አለ። ቀጥሎም ባሕር ዛፍ ወፍራሙ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅና እንደሚጣመም፣ መሬት የነካውንም ምስጥ እንደሚበላው አስረዳኝ።

ወንድሜ ቅር አለው። «እኔ ለእማዬ የሚያምር ነገር ልሥራላት ስል እናንተ ታሪክ ትቆጥራላችሁ» አለኝ። እውነት አለው፤ ሃያ ዓመት ርቆ የኖረ ልጅ በናፍቆቱ ልክ ቤት ቢመኝ አይፈረድበትም። እርሱ የሚያየው ከቤቱ ወደ ሐይቁ ነበር፤ እኔም ከመጽሐፌ ወደ ቤቱ አይ ነበር። ሁለታችንም ግን በእግራችን ሄደን ቦታውን ከባለቤቷ ጋር አላየነውም።

በጥር 1999 ዓ.ም. እናቴ በረታችና ወደ ኮረብታው አብረን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ተቀመጠች፤ ጣናን አይታ «ያምራል» አለች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ወገቡ ወረደች። ከወገቡ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በዋንዛ ሥር፣ በበጋም የማይደርቅ ምንጭ አለ። ከምንጩ በታች ያለውን መሬት በእግሯ መታ መታ አደረገችና «እዚህ ነው» አለችኝ።

«ለምን እዚህ?» አልኋት።

«ልጄ፣ ባዶውን እንስራ ይዤ እወጣለሁ፣ ሙሉውን ይዤ እወርዳለሁ። አናቱ ላይ ብትሠሩልኝ ግን ሙሉውን ተሸክሜ እወጣለሁ። ሜዳው ላይ ብትሠሩልኝ ደግሞ ውኃው ራሱ ይመጣብኛል።»

የጉዛራን፣ የጎርጎራን፣ የጎንደርን፣ የእንጦጦን ነገር ለወራት ስለቅም ቆይቼ የደረስሁበትን፣ እርሷ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። ታሪክ ማንበቤ ከንቱ ሆነ አልልም፤ ያነበብሁት እናቴ ስትናገር እንድሰማት አዘጋጅቶኛል።

ቤቱ በዚያው ዓመት ከክረምት በፊት ተሠራ። መሠረቱ ለምስጡ ሲባል ድንጋይ ነው፤ ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ለወንድሜ ናፍቆት ስንል በረንዳውን በወፍራም ግንድ አቆምነው፤ አጎቴ እንዳለውም ሁለቱ ተሰነጠቁ። በመጣ ቁጥር ግን ሌላውን ቤት ትቶ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ወባው ጨርሶ አልራቀንም፤ አጎበሩ ዛሬም ይዘረጋል። ጎርፉ ግን እስከ አሁን ደጃችንን አላየም።

ዐፄ ፋሲል ሐይቁን ትተው ትከሻ ላይ ከተማ ሠሩ፤ ሲሞቱ ግን አስከሬናቸው ወደ ጣና ተመልሶ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ዐረፈ። እናቴ ደግሞ አሁን አርጅታለች፤ ውኃውን የምትቀዳው የእኅቴ ልጅ ናት። አመሻሽ ላይ ጀሪካኗን ሞልታ ቁልቁል ስትመጣ እናቴ ከበረንዳው ሆና ትመለከታታለች። እኔ በመጣሁ ቁጥር ወደ ጣና እዞራለሁ፤ እናቴ ወደ ምንጩ ዞራ ነው የምትቀመጠው።