የታኅሣሥ ዋንጫ

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ፤ ስልክ መነካካት ክልክል ነው። ብሔራዊ ቡድናችን የሴካፋን ዋንጫ ስንት ጊዜ በላ?

ይህን ጥያቄ ሐሙሲት ላይ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ ተፋጥጦ በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ አንስተነው ነበር። የአርሴናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም ከነአባቱ የሚያውቀው ጎረምሳ ጭንቅላቱን አከከ። አንዱ «ሁለት» አለ፣ ሌላው «ሴካፋ አሁንም አለ እንዴ?» ብሎ መለሰልን። አልሳቅንበትም። እኛም ብንሆን መልሱን ያገኘነው ከተጠየቅን በኋላ ፈልገን ነው።

መልሱ አራት ነው፦ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም.። አራቱም የተበሉት በታኅሣሥ ወር ነው። ለደቡብ ጎንደር ሰው ታኅሣሥ ማለት ደግሞ አውድማ ነው፤ ጤፉ የሚወቃበት፣ ወሩ ሲያልቅም ልጅ ሁሉ ዱላውን ይዞ ለገና ጨዋታ ሜዳ የሚወጣበት። በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታውም ሎሌውም እኩል ይሯሯጣል፣ ቢመታም አይቆጣም ይባላል። እንግዲህ የኳስና የታኅሣሥ ዝምድና በእኛ አገር ከሴካፋ በፊት የነበረ መሆኑ ነው።

ዋንጫው ራሱ የተወለደው ግን ከሳሙና ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 ዊሊያም ጎሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ሳሙና አምራች ኩባንያ ለኬንያና ለኡጋንዳ ቡድኖች ዋንጫ ሰጠ፤ የመጀመሪያውን ኬንያ ወሰደች። ቆየት ብሎ ታንጋኒካና ዛንዚባር ገቡ። ቅኝ ገዥዎች ሄዱ፣ አገሮቹ ነጻ ወጡ፣ የሳሙናው ስም ታጥቦ ወጣና እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ውድድሩ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች፣ ማለትም የሴካፋ ዋንጫ ተባለ። እኛ ወደ ጎረቤቶቻችን ማዕድ የቀረብነው ዘግይተን ነው። ምክንያቱም በጥር 1954 የአፍሪካን ዋንጫ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን አዲስ አበባ ላይ ስላነሳን፣ ራሳችንን የምንለካው ከካይሮና ከአክራ ጋር ነበር። ከካምፓላ ጋር መለካት ዝቅ ማለት ይመስለን ነበር ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም።

ታኅሣሥ 1980 ይህን ትዕቢት አስተካከለው። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ነበረች፣ የፍጻሜው ተጋጣሚ ዚምባቡዌ። አሰልጣኙ መንግሥቱ ወርቁ ነው፤ ያው በ1954ቱ ፍጻሜ አራተኛዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀና መለያ ምት መጣ። 5 ለ 4። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰማ ሰው ዛሬም ድረስ ያችን ደቂቃ ሲያወራ ከመቀመጫው ይነሳል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ያኔ አልተወለድንም፤ ግን ከወላጆቻችን ተውሰን እናስታውሰዋለን።

የማይወራው ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ደርግ ስሙን ለውጦ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሆኗል። ሰሜኑ በጦርነት እየነደደ ነው። ዋንጫው ከተበላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት፣ አፋቤት ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። በ1982 ደግሞ ጦርነቱ ደብረ ታቦር ድረስ መጣ። ስታዲየም ገብቶ ከጮኸውና በሬዲዮ ካዳመጠው ወጣት ስንቱ በኋላ መሣሪያ ተሸክሞ እንደሄደ ማን ቆጠረው?

ሌሎቹንም ዋንጫዎች ከዘመናቸው ጋር አስቀምጡና እዩአቸው። የ1994ቱን ኪጋሊ ላይ ኬንያን 2 ለ 1 ረትተን ስናመጣ፣ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በአልጀርስ ስምምነት ከቆመ አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ለቅሶው ከየቤቱ አልወጣም። የ1997ቱን አዲስ አበባ ላይ ብሩንዲን 3 ለ 0 አሸንፈን በላን፤ በግንቦት ምርጫ መጣ። በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሰው ደም ፈሰሰ፤ ከአንድ ወር በኋላ ኪጋሊ ላይ አስተናጋጇን ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፈን አራተኛውን ዋንጫ አነሳን። ዋንጫውን ይዘው የገቡትን ልጆች ስንቀበል የደስታው እንባ ከየትኛው ሐዘን ጋር እንደተቀላቀለ ለይቶ የሚነግረን የለም።

«ኳስ ሕዝብን ማደንዘዣ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እውነት አላቸው፤ ግማሹን። መንግሥታት ዋንጫ ይወዳሉ፤ ፎቶው ላይ ለመግባት ማንም አይቀድማቸውም። ግን ሌላም ግማሽ አለ። በክፉ ቀን ያልታሰበ ደስታ ሲመጣ፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚተቃቀፍበት አንድ ምሽት ይገኛል። ያ ምሽት ጦርነት አያስቆምም። ሆኖም መተቃቀፍ እንደሚቻል ያስታውሳል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በሰኔ 2007 ብሔራዊ ቡድኑ በባሕር ዳር ስታዲየም ሌሶቶን 2 ለ 1 አሸነፈ። በኅዳር 2008 ኢትዮጵያ ሴካፋን ስታስተናግድ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ጋር ባሕር ዳርም ድርሻዋን አገኘች። እስከዚያ ድረስ የአገሩን ማሊያ ለማየት ሌሊቱን በአውቶቡስ አዲስ አበባ መግባት የነበረበት የሐሙሲት ልጅ፣ ጠዋት ሥራውን ሠርቶ ከሰዓት በሚኒባስ ስታዲየም መድረስ ቻለ። በዚያ ዓመት መለያ ምት ፊቱን አዞረብን፤ በግማሽ ፍጻሜ ለኡጋንዳ እጅ ሰጥተን ሦስተኛ ወጣን፣ ኡጋንዳም ሩዋንዳን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በ1980 የሰጠን በ2008 መለሰ ማለት ነው።

በሐምሌ 2013 ባሕር ዳር እንደገና ጎረቤቶቿን ጠራች፤ ከ23 ዓመት በታች ሴካፋ። ታንዛኒያ ብሩንዲን በመለያ ምት አሸንፋ ሄደች። ሳምንታት ሳያልፉ፣ በነሐሴ፣ ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ገባ፤ ነፋስ መውጫ ተያዘች። ከዋንጫ ማግስት ጦርነት የሚለው ታሪክ፣ በ1980 ለሩቅ ሰው የደረሰ የመሰለን፣ በራሳችን ደጅ ተደገመ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ አገደው፤ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር መጫወት ጀመረ። በሰኔ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው እንኳ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የአገሩ ሰው በሌለበት።

የዋናዎቹ ቡድኖች ሴካፋ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2019 ኡጋንዳ ውስጥ ነው፤ ኡጋንዳ ኤርትራን 3 ለ 0 አሸንፋ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ሲቀር ማንም ሰልፍ አልወጣለትም። እኛም አልወጣንም፤ የቅዳሜውን ፕሪሚየር ሊግ እያየን ነበር።

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያ ጎረምሳ «ሴካፋ አሁንም አለ እንዴ?» ሲለን የጎዳን ይኼ ነው። የአፍሪካን ዋንጫ አንድ ጊዜ በልተናል፤ ከዚያ ወዲህ ለወላጆቻችንና ለእኛ የደረሰን ይህ ትንሽ ዋንጫ፣ ከጎረቤት ጋር የምንገፋፋበት፣ ስንሸነፍም ማን እንዳሸነፈን በስም የምናውቅበት ዋንጫ ብቻ ነው። ከኬንያ፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራ ጋር በኳስ ብቻ የምንጣላበት ቦታ ሲዘጋ የተረፈንን የመጣያ ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አግዳሚው ላይ ስትቀመጡ ጥያቄውን እናንተ ጠይቁ። አራት ነው በሏቸው። አራቱም በታኅሣሥ። ከዚያም ታኅሣሦቹ ምን ዓይነት እንደነበሩ አብራችሁ ንገሯቸው።

ቸር እንሰንብት።