ከጨለማው በፊት የነበረው ጨለማ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ጠፋበት። ኒውዮርክ፣ ዲትሮይት፣ ክሊቭላንድ፣ ቶሮንቶ ጨለሙ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ምክንያት “ሽቦ ዛፍ ነካ” የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም።

ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1965 ያው አካባቢ ጨልሞ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቸግሮ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የኤም አይ ቲው ፍሬድ ሽዌፔ አንድ ዘዴ አቀረበ። የመብራት መረብ ሰፊ ነው፤ ሁሉንም ቦታ መለካት አይቻልም፤ የሚላከው ቁጥርም ይሳሳታል፣ ይቋረጣል። ስለዚህ የተገኘውን መረጃ ከመረቡ ካርታና ከኤሌክትሪክ ሕግ ጋር አገናዝቦ የቀረውን በስሌት መገመት ይቻላል አለ። “ስቴት ኢስቲሜሽን” የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ካርታው ትክክል መሆን አለበት፤ የትኛው መስመር እንደተቋረጠ ያላወቀ ስሌት ይስታል።

በዚያ ቀን የሆነውም ይኸው ነው። (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።) 6:15 ላይ የመካከለኛው ምዕራብ መረብ አስተባባሪ የሆነው ሚሶ ስሌቱ አልገጥም አለው። ኢንዲያና ውስጥ አንድ መስመር ወድቋል፤ ወሬው ግን ወደ ኮምፒውተሩ አይደርስም ነበር። ባለሙያው ችግሩን አግኝቶ አረመ፤ ለሥራው ሲል ያጠፋውን በየ5 ደቂቃው የሚሠራ አውቶማቲክ ስሌት ግን ሳያበራ ምሳ ወጣ። 8:40 ገደማ ሲደረስበት ሌላ መስመር ወድቆ ነበር፤ የእሱም ወሬ አልደረሰም። ስሌቱ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው 10:04 ላይ ነው። መረቡ በሰንሰለት መውደቅ የጀመረው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው።

በዚያው መሐል ኦሃዮ ውስጥ የፈርስት ኢነርጂ ማስጠንቀቂያ ከ8:14 ጀምሮ ዝም ብሏል። ከ9:05 እስከ 9:41 ሦስት ትልልቅ መስመሮቹ ዛፍ እየነኩ ወደቁ። ሠራተኞቹ ስክሪኑ ጸጥ ስላለ ሰላም ነው ብለው ነበር።

ጥፋቱን ምሳ በወጣው ሰው ላይ መጣል ይቀላል። እኔ ግን ፍርዱ ሌላ ቦታ ነው እላለሁ፦ ሰፊ መረብ እንዲጠብቅ አደራ ተሰጥቶት የጎረቤቱ መስመር መውደቅ የማይነገረው ተቋም እንዴት ይጠብቃል? በ2005 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እስከዚያ በፈቃደኝነት ይከበሩ የነበሩትን የአስተማማኝነት ደረጃዎች አስገዳጅ ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ ኢትዮጵያም ከጅቡቲ፣ ከሱዳንና ከኬንያ ጋር በመስመር ተያይዛለች። ኃይል ስንሸጥ ወሬም አብረን መለዋወጥ አለብን።