የእንቅስቃሴ ጌም ለአረጋውያን መገጣጠሚያ

የእንቅስቃሴ ጌም ተጫዋቹ በጣቱ ብቻ ሳይሆን በመላ አካሉ የሚጫወተው የቪዲዮ ጌም ዓይነት ነው። በሰፊው የታወቀው የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ የተባለውን መሣሪያ፣ በ2007 ደግሞ ቆመውበት የሚጫወቱበትን የዊ ፊት ሰሌዳ ካወጣ በኋላ ነው። በ2010 የመጣው የማይክሮሶፍት ኪኔክት በእጅ የሚያዝ ነገር አይፈልግም፤ ካሜራው ራሱ ጉልበትና ክርንን ይከታተላል።

ጌሙ በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለቀ ልም አጥንት አይመልስም። የጭን ጡንቻን ግን ያጠነክራል፤ ጡንቻው ሲበረታ የጉልበት ሸክም ይቀላል። ከተራ ስፖርት ይበልጣል ለማለት ያስቸግራል፤ ትሩፋቱ አለማሰልቸቱ ነው።

በሰሜን ጎንደር ከተሞች በደባርቅና በዳባት ግን ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ ቀድሞ የሚያስበው ወጌሻ፣ ጠበል ወይም በቅቤ መታሸት ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ ዱላ ቀድማ ትወርዳለች፣ የታመመው እግር ይከተላል፣ ደህናው መጨረሻ ይመጣል። የጌሙ ሰሌዳ የሚያለማምደውም ይህንኑ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዛወር ነው። በሁዳዴ ስግደት የሚያዘወትር ሰውማ ጎንበስ ቀናውን ያለ ቴሌቪዥንም ያውቀዋል።