የክንድ ሜትር፣ የወገብ ሜትር

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በጠናበት ወቅት፣ አሰቦት ውስጥ አንድ ጤና ረዳት በታናሽ ወንድሜ ግራ ክንድ ላይ ባለቀለም ጥብጣብ ሲጠመጥም አጠገቡ ቆሜ ነበር። አረንጓዴው ደህና፣ ቢጫው ሥጋት፣ ቀዩ አደጋ ነው። የወንድሜ ክንድ ቀዩ ላይ ቆመ። ደግነቱ አልሚ ምግብ ተሰጥቶት ተረፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለእናቴ መክሳት ሞት፣ መወፈርም ጤና ሆነ። ከአዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር በር ላይ «ከሳህ» ካለችኝ አዝናለች ማለት ነው፤ «አማረብህ» ካለችኝ ደግሞ ወፍሬያለሁ። በኋላ ግን እናቴን የነጠቀን ስኳር ነው። ቀጭን ነበረችና ማናችንም አልጠረጠርንም። በቀሚሷና በመቀነቷ ሥር ሆዷ መግፋቱን ልብ ያለ አልነበረም።

ይህ ነገር ስለ ሰውነት ልኬት ታሪክ እንዳነብ አስገደደኝ። ሐረርጌ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ አላት፤ በ1966 ዓ.ም. ሲመን፣ ሆልትና ሪቨርስ የተባሉ ባለሙያዎች የልጆችን ክብደትና ቁመት እየለኩ የድርቁን ጉዳት በጠቅላይ ግዛቱ አጥንተዋል። ያኔ የሚለካው የጎደለው ነበር።

የተረፈውን ለመለካት ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሠራበት ስሌት ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ወስዶ ክብደቱን ለቁመቱ ስኩዌር ማካፈልን እ.ኤ.አ. በ1832 ያቀረበው ቤልጅጋዊው ኬትሌ ነው። እርሱ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የሚፈልገውም «አማካዩን ሰው» ነበር። አሜሪካዊው አንሰል ኪስ በ1972 ስሌቱን ዛሬ በሚታወቅበት ስም ሲሰይመው ያጠናቸው ከ7,000 የሚበልጡ ወንዶች ከአምስት አገሮች የተውጣጡ ነበሩ። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም።

ስሌቱ ጡንቻን ከስብ አይለይም። በ1998 ዶይረንበርግና ባልደረቦቹ የተለያዩ ሕዝቦችን ጥናቶች ሲያነጻጽሩ፣ ዕድሜና ጾታቸው አንድ ሆኖ እኩል የሰውነት ስብ ካላቸው ነጮች ይልቅ የኢትዮጵያውያን ቁጥር በአማካይ በ4.6 ያንሳል አሉ። ልዩነቱ ከሁሉም ሕዝቦች የሰፋው በእኛ ነው። በ2009 ደግሞ ማያትና ጓደኞቹ በአገራችን ልጆች ላይ ሲያጠኑ፣ እግረ ረዣዥሞቹ የአርብቶ አደር ልጆች በክብደትና በቁመት ሲመዘኑ ከእውነታው ይልቅ የተጎዱ እንደሚመስሉ አሳዩ። የክንድ ልኬት ግን በእግር ርዝመት ብዙ አይታለልም። አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ በአንድ ገበያ ለሚገናኙበት ለአሰቦት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንባቢዬ፣ እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቴ 70 ኪሎ ነው። ስሌቱ 22.9 ይሰጣል፤ ከ25 በታች ስለሆነ «ደህና ነህ» ይለኛል። በቅርቡ ግን አንዲት ነርስ «ጋሼ፣ እጅዎን ያንሡ» ብላ ወገቤን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችኝ፤ 91 ሴንቲሜትር። ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ የእኔ ግማሽ 87 ተኩል ነው። ቀጭን ነኝ ስል ሞራ ተሸክሜ ኖሯል። በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ይህ ሞራ ነው ስኳርንና የደም ግፊትን የሚጠራው።

አለካኩ ቀላል ነው፤ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ሜትሩን ሳያጠብቁ አዙሮ፣ ትንፋሽን በቀስታ አውጥቶ ማንበብ ነው። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው።

ድሮ ሞራ ገላጭ የበግ ሞራ አይቶ የሚመጣውን ይናገር ነበር ይባላል። እናቴ ያን ጥብጣብ ዕድሜ ልኳን አልረሳችም፤ የልጇን ሕይወት አትርፎላታልና። የእርሷን ወገብ የሚለካ አንድ ሜትር ግን ከቤታችን አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሚለካ ሰው ነው።