መድኃኒቱም መንገዱን ይከተል፦ የሱስ ሕክምና ታሪክና የአዋሽ–ሰመራ መስመር

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አልፎ ሰመራ የሚደርሰው አስፋልት አገር የሚያበላ መንገድ ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ስንዴው፣ ብረቱ በዚህ መስመር ይመጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መንገድ ግን ዕቃ ብቻ አያመላልስም። በሽታም፣ ሱስም፣ መድኃኒትም በመንገድ ይሄዳል። ከሦስቱ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው መድኃኒቱ ነው። የኤች አይ ቪ ታሪክ ይህንን አሳይቷል። የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና ታሪክም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

🔹 ኦፒዮይድ ምንድን ነው?

ኦፒዮይድ ሲባል ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል፣ ትራማዶልና መሰሎቻቸው ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በአግባቡ ሲሰጡ ትልቅ ጥቅም አላቸው። የካንሰር ሕመምተኛን ሥቃይ የሚያስታግሰው ሞርፊን ነው፤ ትራማዶልም ቀዶ ጥገና ያደረገን ወይም አጥንቱ የተሰበረን ሰው ይረዳል። ችግሩ የሚመጣው ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ከመጠን በላይና ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ነው። አንጎል መድኃኒቱን ይለምደዋል። መጠኑ ካልጨመረ አይሠራም፤ ሲቋረጥ ደግሞ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ጭንቀት ይመጣል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው መድኃኒቱን የሚፈልገው ለደስታ አይደለም፤ ላለመታመም ነው።

በረጅም መንገድ ለሚሠራ ሰው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሹፌሩና ረዳቱ ሌሊቱን ነቅተው፣ ወገባቸው እየነደደ፣ በአፋር ሙቀት ነው የሚጓዙት። ሕመም ያለበት ሰው ማስታገሻ መፈለጉ አይቀርም፤ ማስታገሻው ያለ ምክር ሲዘወተር መዘዝ አለው።

🔹 ሐኪም ወይስ ፖሊስ?

ሄሮይን ራሱ ወደ ገበያ የወጣው መድኃኒት ተብሎ ነው። በ1898 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሳል መድኃኒት አድርጎ ሸጠው። ሱስ ማስያዙ ሲታወቅ አገሮች ሁለት መንገድ ያዙ።

አሜሪካ በ1914 የሃሪሰንን ሕግ አወጣች። በ1919 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐኪም ሱስ ላለበት ሰው ሱሱን ለማስቀጠል ብቻ መድኃኒት ማዘዝ እንደማይችል ወሰነ። ሐኪሞች ተከሰሱ፤ በየከተማው የነበሩት ክሊኒኮችም ብዙ ሳይቆዩ ተዘጉ። ሕመምተኛው ከሐኪም እጅ ወጥቶ በሻጭና በፖሊስ እጅ ወደቀ። እንግሊዝ በ1926 የሮለስተንን ኮሚቴ ምክር ተቀብላ ጉዳዩን ለሐኪም ተወች። ሁለቱ አገሮች ለብዙ ዓመታት በተለያየ መንገድ ሄዱ።

ለውጡ የመጣው ከጀርመን ቤተ ሙከራ በወጣ ንጥረ ነገር ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሄክስት ኬሚስቶች የሕመም ማስታገሻ ሲፈልጉ ዛሬ ሜታዶን የሚባለውን አገኙ። በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ዶክተር ቪንሰንት ዶልና የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ማሪ ናይስዋንደር ይህንን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሄሮይን ተጠቃሚዎች መስጠት ጀመሩ። በ1965 ያወጡት ጥናት የ22 ሰዎችን ውጤት የያዘ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሄሮይን ሲያሳድዱ የኖሩ ሰዎች ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ተመለሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሜታዶን በአንጎል ውስጥ ሄሮይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። በትክክለኛ መጠን ከተሰጠ አያሰክርም፤ አንድ ቀን ሙሉ ሕመሙንና ምኞቱን ያስታግሳል። በአብዛኛው በፈሳሽ መልክ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ በጤና ባለሙያ ፊት ይጠጣል። በኋላ የመጣው ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ነው። ኃይሉ ከተወሰነ ደረጃ ስለማያልፍ ትንፋሽ የማቆም አደጋው ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2005 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

«ይህ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ነው። መልሱ ያለው በሰውየው ሕይወት ውስጥ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው የክኒኑ ሱሰኛ አይባልም። ሜታዶን የሚወስድ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ግን አይሰርቅም፣ መርፌ አይጋራም፣ ልጆቹን ያሳድጋል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ ከሕክምና ውጭ ካለው ከግማሽ በታች እንደሚወርድ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አደገኛው ጊዜ ሕክምናው በድንገት ሲቋረጥ የሚመጡት ሳምንታት ናቸው።

🔹 ቅርበት ራሱ መድኃኒት ነው

መድኃኒቱ መኖሩ ብቻውን ማንንም አላዳነም። ያዳነው በሩ ቅርብ ሲሆን ነው። ፈረንሳይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ቡፕረኖርፊን እንዲያዝ፣ ሕመምተኛውም ከሰፈሩ ፋርማሲ እንዲወስድ ፈቀደች። ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት በኦፒዮይድ ብዛት የሚሞተው ሰው ቁጥር ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ።

ከእኛ ወደ ደቡብ ያሉትም ጎረቤቶች ይህንን ያውቁታል። በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች በኩል የገባው ሄሮይን በሞምባሳና በዳሬሰላም ወጣቶች ላይ ጉዳት አደረሰ፤ በመርፌ መጋራት ኤች አይ ቪ ተዛመተ። ሞሪሸስ በ2006 ሜታዶን ጀመረች። ታንዛኒያ በየካቲት 2011 በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያ በታኅሣሥ 2014 በናይሮቢው ማታሪ ሆስፒታል ቀጠሉ። ታንዛኒያ ብዙ ሳትቆይ አገልግሎቱን ወደ ሙዋናንያማላና ወደ ቴሜኬ ሆስፒታሎች አሰፋች፤ በየቀኑ መምጣት ያለበት ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ ካጣ ሕክምናው እንደሚቋረጥ ግልጽ ነበርና። ኬንያም በ2015 ወደ ማሊንዲና ወደ ሞምባሳ ወረደች።

🔹 የአዋሽ መንገድ ያለፈበት ትምህርት

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኤች አይ ቪ በአገሪቱ መኖሩ የታወቀው በ1984 ነው። በ1988 ከተደረጉት ጥናቶች የረጅም ርቀት ሹፌሮች ወደ 13 በመቶ፣ በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶች ደግሞ ወደ 17 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። በሽታው ዋና ዋና መንገዶችን ይዞ ሄዷል።

መድኃኒቱ ግን ዘገየ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2003 ሲጀመር በክፍያ ነበር፤ አቅም የሌለው ሞተ። በጥር 2005፣ ማለትም በ1997 ዓ.ም.፣ ነፃ ሆነ። ያኔም ሆስፒታልና ሐኪም የሚጠይቅ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ፤ የሠለጠኑ ነርሶችም መስጠት ጀመሩ። በ2017 ደግሞ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተፈቀደ። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር በየወሩ ከሥራ ሳይቀር መታከም የቻለው በእነዚህ እርምጃዎች ነው። በየደረጃው «ሕዝባችን በአግባቡ አይወስደውም» የሚል ሥጋት ነበር። ሕዝቡ ወሰደው፤ ኖረበትም።

ለኦፒዮይድ ሱስ ያለው ጥያቄም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዛሬ የሱስ ልዩ ሕክምና ሲነሳ ቀድሞ ስሙ የሚጠራው አዲስ አበባ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታልና የጳውሎስ ሆስፒታል። ሰመራ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በ600 ኪሎ ሜትር ርቀት መድኃኒት አይሆንም። ከሰመራ አጠገብ ግን የዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ በከተማው የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አለ። አዋሽ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የመንገደኛ ማረፊያ ናት። አገልግሎቱ ሲታቀድ የአገሪቱን ንግድ የተሸከመው መስመር መጨረሻ ላይ መሰለፍ የለበትም።

ዕቅዱ የአካባቢውን ሁኔታ ማወቅ አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የሜታዶንን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ ሐኪሙ ካላስተካከለው ታካሚው ታሞ ወደ ሄሮይን ይመለሳል። ስለዚህ የሱስ ክፍሉና የነቀርሳ ክፍሉ መነጋገር አለባቸው። ሜታዶን ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር እንቅልፍ ስለሚያመጣ በዚያ ጊዜ ከባድ መኪና አይነዳም። በየቀኑ በአንድ ቦታ መገኘት ለማይችል ሹፌር ወደ ቤት የሚወሰድ ቡፕረኖርፊን ይሻላል፤ በሌሎች አገሮች በወር አንዴ የሚወጋ ዓይነትም አለ። ለጫት ግን እንዲህ ያለ ምትክ መድኃኒት የለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውራት ሕመምተኛውን ያሳስታል።

🔹 ዛሬ እርዳታ የሚፈልግ ሰው

የመጀመሪያው በር በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ኢትዮጵያ ከ2010 ጀምሮ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምናን በጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች እንዲሰጥ የሚያደርገውን የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር ሞክራለች። ታካሚው የወሰደውን ነገር፣ መጠኑንና የቆየበትን ጊዜ ሳይደብቅ ይናገር፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀትም ይጠይቅ። ትራማዶል በብዛት የለመደ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ቀን ከማቆም ይልቅ በሐኪም እየተቀነሰለት ቢያቆም ይሻላል፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ሰውን እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ኦፒዮይድን ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር መቀላቀል ትንፋሽ ያቆማል። ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ ወደ ድሮው መጠን መመለስ ይገድላል። ቢጠራ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየና ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ጊዜ አይሰጥም፤ ናሎክሶን የተባለው መርፌ ወዳለበት ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ሰውን ከዚህ በር የሚያርቀው ፍርሃት ነው። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ መጠቀምንም ይቀጣል። ነገር ግን ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት አገሮች ሱስ ለያዛቸው ሰዎች ሕክምናና ማገገሚያ እንዲያስቡ በአንቀጽ 38 ይጠይቃል። ቅጣት ለነጋዴው፣ ሕክምና ለታማሚው የሚለው መለያ ከወረቀት ወርዶ በየኬላውና በየጤና ጣቢያው መታወቅ አለበት።

አፋር ዜና የሚለዋወጥበት ዳጉ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፤ ወሬው ከአዋሽ እስከ ዳናክል በረሃ ይደርሳል። «እዚህ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳይሰድቡኝ አከሙኝ» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ዳጉ ከማንኛውም ፖስተር ቀድሞ ያዳርሰዋል። «ሄጄ አሳሰሩኝ» የሚል ከተገኘም እንዲሁ ያዳርሳል። በዚህ መንገድ የሚሄደው ከሁለቱ የትኛው ወሬ እንደሚሆን የሚወስነው የጤና ጣቢያው በር ነው።