በቤት ኮምፒዩተር የተጋራን አቃፊ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ላይ ስለመክፈት

የሰርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ምስሎች፣ የትምህርት ቅጂዎችና የድምፅ ክምችቶች በአገራችን ከተሞች በአብዛኛው በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኙት ቢቸናና ሞጣም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። በቅኔ ትምህርት የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ በሚገኝበት በዚህ አካባቢ በአንድ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ የአንድ መምህር ድምፅ ሌላ ቅጂ የሌለው ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ቫይረስ ያዛምታል፣ ይጠፋል፣ ይሰበራልም። ፋይሉን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ከቴሌቪዥን ወይም ከስልክ ላይ መክፈት የሚያስችለው አሠራር የተጋራ አቃፊ ይባላል።

አሠራሩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኮምፒዩተሩና ቴሌቪዥኑ ከአንድ ራውተር ጋር ከተገናኙ መረጃው የሚመላለሰው በቤቱ ውስጥ ብቻ ነው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 1.8 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ከኢንተርኔት ቢታይ ከጥቅል ላይ የሚቀነሰው ይህ መጠን ከቤት አቃፊ ሲታይ ምንም አይቀነስም። የኢንተርኔት አገልግሎት በተቋረጠበት ጊዜም አቃፊው እንደተለመደው ይከፈታል።

ኮምፒዩተሩን ስለማዘጋጀት

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ በአቃፊው ላይ የቀኝ ጠቅታ በማድረግና ፕሮፐርቲስ የሚለውን በመምረጥ ሼሪንግ በሚለው ገጽ ማጋራት ይቻላል። ከዚያ በፊት የዋይፋዩ ግንኙነት ፕራይቬት ተብሎ መመዝገቡን ማረጋገጥ ይገባል፤ ፐብሊክ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ለሌሎች መሣሪያዎች አይታይም። ለማጫወቻው ብቻ የሚያገለግል የተለየ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መፍጠር፣ የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠትም ተገቢ ነው። የመጻፍ ፈቃድ ከተሰጠ አንድ ልጅ በቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ የሰርጉን ቪዲዮ ሊሰርዘው ይችላል። የኮምፒዩተሩና የአቃፊው ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታና አጭር ቢሆን ይመረጣል።

በማጫወቻው በኩል

ኮዲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ በዊንዶውስ፣ በአንድሮይድና በሊኑክስ ይሠራል። በቪዲዮ ዝርዝር ውስጥ ፋይልስ፣ ቀጥሎም አድ ቪዲዮስ ከተመረጠ በኋላ ኮምፒዩተሩን በብራውዝ ከመፈለግ ይልቅ ኤስኤምቢ የሚለውን የግንኙነት ዓይነት መርጦ የኮምፒዩተሩን አድራሻ፣ የአቃፊውን ስምና የተጠቃሚውን መለያ በእጅ ማስገባት ይሻላል። የዚህ ምክንያት ታሪካዊ ነው። ቀድሞ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ በስም የሚገናኙት በመጀመሪያው የኤስኤምቢ ስሪት ነበር። ይህ ስሪት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር ከ150 በላይ አገሮችን ካጠቃበት ቀዳዳ ጋር በመያያዙ፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጨረሻ ካወጣው የዊንዶውስ 10 ዝማኔ ጀምሮ በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ አይጫንም። ኮዲም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከወጣው 18ኛው ስሪት ጀምሮ አዳዲሶቹን የኤስኤምቢ ስሪቶች ይጠቀማል። አሮጌውን ስሪት መልሶ መክፈት በየቦታው የሚሰጥ ምክር ቢሆንም በቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል፤ አይመከርም።

ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ የሚለው መልዕክት በአብዛኛው የመለያ ችግር ነው። በዚህ ረገድ የሚዘወተረው ስሕተት ዊንዶውስ ሲከፈት የሚገባውን አጭር ቁጥር እንደ ይለፍ ቃል መጠቀም ነው፤ የሚፈለገው የመለያው ትክክለኛ የይለፍ ቃል ነው። ኮኔክሽን ታይምድ አውት ከተባለ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ተኝቷል፣ ጠፍቷል፣ ወይም አድራሻው ተቀይሯል።

አድራሻ መቀየር መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ልዩ ትኩረት ይሻል። ራውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ለኮምፒዩተሩ አዲስ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ትናንት 192.168.1.20 የነበረው ዛሬ 192.168.1.23 ይሆንና ማጫወቻው ባዶ ቦታ ይፈልጋል። መፍትሔው በራውተሩ ገጽ ላይ ለኮምፒዩተሩ ቋሚ አድራሻ መመደብ ነው። ይህን በኤስኤምቢ ቅንብር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ዋይፋይን ለጎረቤት ስለማጋራት

የቤቱን የዋይፋይ ይለፍ ቃል ለጎረቤት መስጠት የመልካም ጉርብትና ምልክት ነው። ሆኖም በይለፍ ቃል ያልተጠበቀ የተጋራ አቃፊ ካለ የጎረቤቱ ስልክም የቤተሰቡን ምስል ይከፍታል። ራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ለእንግዳ የሚሰጠው ያ ነው። በራውተሩ ላይ 445 የተባለውን በር ወደ ኢንተርኔት መክፈት ግን በማንኛውም ሁኔታ አይፈቀድ፤ ከውጭ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች በቀጥታ ወደ አቃፊው ይደርሳሉ።

ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው ኮምፒዩተር መድረስ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። አቃፊው በስሕተት ክፍት ሆኖ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ቢያሳውቅ ይመረጣል።

ማጋራት መጠባበቂያ አይደለም። ዲስኩ ከተቃጠለ ከቴሌቪዥኑም ይጠፋል፤ ስለዚህ ሌላ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ተቀድቶ፣ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ፣ በሌላ ቤት መቀመጥ አለበት።